ሦስተኛው ድስት

ወይዘሮ አሳየች የሰው ዘንቢል አይተው ዝም ብለው ማለፍ አይሆንላቸውም። በየካ ሚካኤል ሠፈር ለሠላሳ ዓመት የሠርግና የተዝካር ወጥ ሲመሩ ስለኖሩ፣ ዘንቢል አየት አድርገው ቤት ውስጥ ስንት እንግዳ እንደሚጠበቅ፣ ባለቤቲቱም ባለሙያ ትሁን አትሁን ይናገራሉ። ከፋሲካ በኋላ በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት፣ ጉርድ ሾላ የታክሲ ሰልፍ ይዘው ሳለ ግን፣ ከፊታቸው የቆመችው ወጣት ዘንቢል ግራ አጋባቸው። አበባ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ እንጉዳይ፣ አቮካዶና አንድ ኪሎ የሚሆን ተልባ አለበት። ድንች የለም፤ ማካሮኒ የለም፤ በዚህ በሃምሳው፣ ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወራት፣ እንቁላልም የለም።

«ልጄ፣ ጥንቸል ታረቢያለሽ?» ብለው ጠየቋት።

ወጣቷ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «ለሰው ነው እማማ» አለች።

ስሟ ጵርስቅላ ይባላል፤ በሥነ ምግብ ተመርቃ በአንድ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ታክሲው ሲመጣ ጎን ለጎን ተቀመጡና ወይዘሮ አሳየች ምርመራቸውን ቀጠሉ። ልጅቷም ሳትሰለች ሁሉን አስረዳቻቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቤት ያከራዩዋት ሽማግሌ ስኳር አለባቸው፤ እንጀራው፣ ዳቦውና ድንቹ ሲበዛ ስኳራቸው ሽቅብ ይወጣል። እሱ ሳያንስ እንቁላልና የወተት ዘር ሁሉ ሰውነታቸው አይቀበልም፤ ያብጣሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ማታ ማታ እነዚህን ሁሉ የሚያስቀር ምግብ አብራቸው ትሠራለች።

«ታዲያ ምን ቀረላቸው?» አሉ ወይዘሮ አሳየች።

«ብዙ ነገር ቀረላቸው።»

«እንዲያው አትቀየሚኝና፣ እንጀራ የሌለበት፣ ቅቤ ያልነካው፣ እንቁላል ያላየ ገበታ ቅጣት እንጂ ምግብ አይባልም። አባቶቻችን ይህን ሁሉ በልተው መቶ ዓመት ኖረዋል።»

«እውነትዎን ነው፣ የኖሩ አሉ» አለች ጵርስቅላ በትሕትና። «ግን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ከበሬ ኋላ ሲሄዱ ይውሉ ነበር። እኛ ደግሞ እንደ እነሱ እየበላን ታክሲ እንሰለፋለን። አንዱ እንቁላል በልቶ ትንፋሹ ቢቆምም ‹ዐይን በላው› ይባል ነበር እንጂ ምክንያቱን ማን ጠየቀ?»

ወይዘሮ አሳየች መልስ አጥተው አያውቁም። ግን ከመልሱ በፊት፣ እግረ መንገዳቸውን፣ የአከራይዋን ስም ጠየቁ።

«አቶ ገመዳ ይባላሉ። ከሚካኤል በላይ ነው ቤታቸው።»

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። አቶ ገመዳ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ምሳቸውን የበሉት በወይዘሮ አሳየች ቤት ነው። የቤታቸው አጥር አንድ ነው፤ እሳቸው ወይዘሮዋን እንደ እኅት፣ ወይዘሮዋም አቶ ገመዳን እንደ ታላቅ ወንድም ያያሉ። በፋሲካ አቶ ገመዳ «አሁን በቅርቡ እንቁላልና ቅቤ ሐኪም ከልክሎኛል» ብለው ለምነው ነበር። ወይዘሮ አሳየችም እሺ ብለው ድርሻቸውን በትንሽ ድስት ለብቻ ሠሩ። ሠርተው ሲጨርሱ ግን ወጡን ቀመሱት፤ ልባቸው ክፉኛ አዘነ። የፋሲካ ዶሮ ለወንድም እንዲህ ደረቁን ይቀርባል? አንዲት ማንኪያ ቅቤ ለመዓዛ ጠብ አደረጉበት። ሽማግሌው ሦስት ጉርሻ ሳይሞላቸው ከንፈራቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፤ በጎረቤት መኪና ሐኪም ቤት ደርሰው በመርፌ ተረፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ መጥቶ እሑድ ይሄዳል፣ አቶ ገመዳ ግን የሉም። ሲጠሩ «ጾም ይዣለሁ» ይላሉ። በሃምሳው!

ወይዘሮ አሳየች ይህን መልስ አምስት እሑድ ሰምተው አምስት እሑድ አልቅሰዋል። «የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው» እያሉም ለሰው ሁሉ አውርተዋል። ስለ ማንኪያዋ ግን ለማንም አልተናገሩም።

«ስለ ፋሲካው ሕመማቸው አጫውተውሽ ያውቃሉ?» አሉ አሁን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አንዲት ባለሙያ ሴት ቤት እንደታመሙ ነግረውኛል። ስሟን ግን አልነገሩኝም። ‹እጇን እወደዋለሁ፣ ግን ፈራሁት› ነው ያሉኝ።»

 መገናኛ ሲደርሱ ወይዘሮ አሳየች ረዳቱ የገንዘባቸውን መልስ ሲሰጣቸው እንኳ አላዩትም፤ ጵርስቅላ ናት ተቀብላ እጃቸው ላይ ያስቀመጠችላቸው። ሌላ ታክሲ ይዘው፣ ወርደው ዳገቱን በእግር ሲጀምሩ ወደ ልጅቷ ዘወር አሉ።

«ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አሉ። «አንድ ማንኪያ ናት ልጄ። ምን ታደርጋለች ብዬ ነው።»

ጵርስቅላ አልፈረደችባቸውም፤ አላጽናናቻቸውምም። እንዲህ ስትል ጠየቀቻቸው፤ «እማማ፣ እኔ ጴንጤ ስለሆንኩ በእናንተ ቤት ያለውን ሥርዓት በደንብ አላውቅም። ስንት ድስት ነው ያለዎት?»

«ሁለት ነዋ። የጾምና የፍስክ።»

«የፍስኩን ማማሰያ ሰው በስሕተት የጾሙ ወጥ ውስጥ ቢነክረውስ?»

«ወጡን እደፋዋለሁ። ድስቱንም በአመድ አሽቼ ሳላጥበው አልሠራበትም።»

«ማማሰያው ላይ ያለው ቅቤ እኮ ትንሽ ነው።»

ወይዘሮ አሳየች ዳገቱ ላይ ቆሙ። የደከማቸው መስለው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ነገር ግን አልደከማቸውም ነበር። ለጾማቸው በማማሰያ ላይ ያለች ቅቤ ከባድ ናት፤ ለወንድማቸው ትንፋሽ ግን ሙሉ ማንኪያ ቀላል ሆናባቸው ኖሯል። 

«ለእግዚአብሔር የምጠነቀቀውን ያህል ለሰው ሳልጠነቀቅ ቀረሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ሙያው ግን የእርስዎ ነው» አለች ጵርስቅላ። «እኔ በወረቀት ነው የተማርኩት። እርስዎ ግን ከዓመቱ ከግማሽ በላዩን ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ሲያጣፍጡ ኖረዋል። የሱፍ ወተቱን፣ የተልባውን፣ የዘይቱን ቁሌት ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃል? የጾም ምግብ ላይ የሚያስቸግረን እንጀራውና ድንቹ ነው። ምስርና ሽሮም ቢሆን ለአቶ ገመዳ በልክ ነው። የቀረውን አብረን እንሠራዋለን።»

ወይዘሮ አሳየች ማሰብ ጀመሩ። ሲያስቡም እንደ ባለሙያ ነው። እሑድ ዶሮ ይሠራል፤ የጾሙ ድስት ሥጋ አይገባበትም፤ የፍስኩ ድስት ደግሞ ሸክላ ስለሆነ የሃያ ዓመት ቅቤ ጠጥቷል።

«ሦስተኛ ድስት ያስፈልገኛል» አሉ።

አዲስ ድስትና ማማሰያ ገዝተው ሁለቱ ቅዳሜን ሙሉ በወይዘሮ አሳየች ማዕድ ቤት ዋሉ። ተልባውን አመስ አድርገው አደቀቁት፤ በውኃ ለወሱት፤ እስኪያዝ ጠብቀው መጥበሻ ላይ በስሱ አወጡት። እንደ እንቁላል ሆኖ የሚያያይዘው የራሱ ሙጫ ነው ብላ ጵርስቅላ አስረዳቻቸው። የመጀመሪያው ተቀደደ፤ ሁለተኛው መጥበሻው ላይ ቀረ፤ በሦስተኛው ላይ ወይዘሮ አሳየች «ዘወር በይልኝ እስቲ» ብለው ነጭ አዝሙድ ጨመሩበትና የሚያምር ቂጣ አወጡ። አበባ ጎመኑን ፈርፍረው በዘይትና በአዋዜ ፍርፍር አደረጉት። በዶሮው ወጥ ውስጥ እንቁላሉን ምን ይተካው በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ሆነና ክብ ክቡ እንጉዳይ አሸነፈ። ልጅቷም አንድ ነገር አጥብቃ አስገነዘበቻቸው፤ የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንጀራውን ድንገት ቢቆርጥ ስኳሩ ወርዶ ሌላ አደጋ ይመጣል፤ አቶ ገመዳ ይህንን አስቀድመው ከሐኪማቸው ጋር ጨርሰዋል።

እሑድ ወይዘሮ አሳየች ሰው አላኩም። ራሳቸው ሄደው የአቶ ገመዳን በር አንኳኩ።

«ጋሼ» አሉ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ። «የፋሲካ ዕለት ቅቤ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ አቶ ገመዳ። «ከንፈሬ ነግሮኛል።»

«አውቀው ነው ታዲያ በሃምሳው ጾም ይዣለሁ የሚሉኝ?»

አቶ ገመዳ ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። «ሌላ ውሸት አላገኘሁማ። እጅሽን ፈራሁት ብዬ ፊትሽ ላይ ልናገር?»

«ይናገሩኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

ዕርቁ በዚህ አለቀ፤ የሁለቱም ዐይን ግን ረጥቦ ነበር። አቶ ገመዳም ነጠላቸውን አንሥተው ተከተሏቸው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የአቶ ገመዳ ስኳር በሁለት ወር ውስጥ ሐኪማቸው የሚወደው ቁጥር ላይ ወረደ፤ የሚካኤልን ዳገት ሁለት ጊዜ ያርፉበት የነበረውን አሁን በአንድ ትንፋሽ ይወጡታል። ወይዘሮ አሳየችም አብረው እየበሉ ጉልበታቸው ቀለለላቸው። ሠርግ ሲጠሩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የበግ ብዛት መሆኑ ቀርቶ «የማይስማማው ሰው አለ?» የሚል ሆነ። ሦስተኛ ድስት ከነማማሰያው ይዘው ይሄዳሉ፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስረውበታል፣ ማንም እንዳይነካካው። «እንግዳ የሚከበረው በግድ በማጉረስ ሳይሆን የሚስማማውን ጠይቆ በማብላት ነው» እያሉም ወጣት ወጥ ሠሪዎችን ይገሥጻሉ፤ ከራሳቸው የመነጨ ሐሳብ አስመስለው ነው የሚናገሩት።

ያን እሑድ ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። ትሪው ቀረበ። አቶ ገመዳ የተልባውን ቂጣ ቆርሰው ወደ ዶሮው ሰደዱት፤ በቀዩ ወጥ መሐል ነጭና ክብ ነገር ሲያዩ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ፊታቸው ላይ የፋሲካው ፍርሃት ተመልሶ መጣ። ጵርስቅላ ልትናገር ከንፈሯን ስታላቅቅ ወይዘሮ አሳየች ቀደሟት።

«እንጉዳይ ነው ጋሼ። ድስቱም አዲስ ነው፤ ማማሰያውም አዲስ ነው። ቅቤ ቤቱ ውስጥ አለ፤ ይህን ድስት ግን አያውቀውም።»

ብለውም ጉርሻውን በጥቅል ጎመን ቅጠል ጠቅልለው ያዙ። እንደ ልማዳቸው «በሞቴ» ሊሉ ነበር፤ ተዉት። እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁ። ለወትሮው ሰው አፍ ውስጥ ሳይጠየቅ ይገባ የነበረው እጃቸው አሁን ፈቃድ ይጠብቅ ነበር።

አቶ ገመዳ ጉርሻውን አላገላበጡም፣ ምን እንደገባበትም አልጠየቁም። አፋቸውን ከፈቱ።