በአንዴ ያስገባት መርፌ

— ሄሎ... አቤት ጋሼ። ቤት ገባህ? አውቶቡሱን አስረከብክ?... ደህና ነን። አባባም ይኸው፣ ከስፌት መኪናው ጎን ተቀምጧል፤ ጠብታውን እያደረግኩለት ነው። ካንተ ጋር መሆኔን ሲሰማ ጆሮውን ቀስሯል።

— አባባ፣ የቀኙን ጨርሻለሁ። ጨፍነህ ቆይ፣ እንዳይፈስ... ወንድሜ ነው፣ አዎ።

— አዎ ጋሼ፣ እኔም ዓይኔን ታየሁ። የዓይንሽ ግፊት ከፍ ብሏል፣ ጀምሮሻል አሉኝ... ግላኮማ። የአባባው ራሱ... አያምም። ምንም አያምም እኮ፣ ክፋቱም እሱ ነው።

— ለዚህ ነው ቶሎ ደውልልኝ ያልኩህ። ሐኪሟ የታማሚው ልጆች በሙሉ ይታዩ ብላለች። ሐሙስ ጠዋት ላንተ ተራ ይዣለሁ...

— ምን?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? መርፌ ውስጥ ክር አስገባሁ ነው የምትለኝ?

— በአንዴ። እሺ... አውቃለሁ ጋሼ፣ ያደግንበት ነው። እኛ ቤት ዓይን የሚመረመረው በመርፌና ክር ነው። ያስገባ ጤነኛ፣ ያላስገባ መሳቂያ... አዎ፣ «ዳበሳ» ትለኝ ነበር። አሁንም ትለኛለህ።

— ግን አባባም እኮ ያስገባል። ዛሬ ጠዋት ያለ መነጽር አስገብቷል። አስገብቶ ብድግ አለና የበሩን መቃን በትከሻው መታው... አይደለም፣ አልዳከመም። የመርፌዋን ቀዳዳ ያያል፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው አያይም። በሽታው ከዳር ከዳር ነው የሚበላው፤ መሐሉን ለመጨረሻ ያስቀረዋል።

— አይመለስም። የሄደው ሄዷል። ጠብታው የቀረውን ለመጠበቅ ነው... ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ?

— እኔማ ስመረመር አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፈው፣ መሐል ያለችውን መብራት ብቻ እያየሽ ከዳር ብልጭ ሲልልሽ ቁልፉን ተጫኚ አሉኝ። አንዳንዴ ዝም ይላል፣ እኔም እጄን ይዤ እጠብቃለሁ። መሣሪያው ያረፈ መስሎኝ... ለካ እሱ ብልጭ ይላል፣ እኔ ነኝ የማላየው። ጨለማ እንኳ አይደለም ጋሼ። ምንም የጎደለ አይመስልህም።

— መንጃ ፈቃዱ... አላውቅም። አይወስዱብህም ብዬ ልምልልህ አልችልም... የልጆችህን እንጀራ ነገር መች አጣሁት?

— የአውቶቡሱ የጎን መስታወት መሰበሩስ ታዲያ?... እሺ፣ ባለ ሚኒባሱ አጉል ቆሞ ነው። በፊት የተሰበረውስ? ምሰሶው ራሱ መጥቶ ነው የገጨህ?... እየቀለድኩ አይደለም። ሁለቱም በግራ በኩል ነው ጋሼ።

— መች ሰደብኩህ? ማሽከርከር አትችልም አልወጣኝም... ታላቄ ነህ፣ ጎትቼ አልወስድህ። ምን ብዬ ልንገርህ?

— ምንድን ነው የተሰበረው?... ብርጭቆ። ልጆቹ ናቸው?... ራስህ።

— በየት በኩል አስቀምጠኸው ነበር?

— ጋሼ... በየት በኩል ነበር?

— እሺ፣ ተውኩት። በእጅህ አታንሳው፣ ይቆርጥሃል፤ በመጥረጊያ ይጠረግ... ሐሙስን ብቻ እሺ በለኝ። አብሬህ እገባለሁ፣ ከፈለግክ ውጭ እጠብቅሃለሁ... የሚቀጥለው ሳምንትስ?... እሺ በሚመችህ ቀን፣ አንተ ንገረኝና... ሄሎ። ጋሼ? ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?... ሄሎ...

— ዘጋው።

— ደህና ነው አባባ። ስለ ዓይኑ ነው ስናወራ የነበረው... መርፌማ አስገብቷል... በአንዴ።

— አዎ፣ ያንተው ልጅ ነው። አትሳቅ አሁን፣ ይፈስብሃል። ቀና በል፣ የግራው ይቀራል።