በስድስት ጥቁር ቀለም የታተመው ፎቶ

ፎቶ አንሺው ዶን አቡንዲዮ ከትላኮሉላ ከተማ የእሑድ ገበያ ሲመለሱ፣ ፎቶ በማሽን ከምታትመው ከጎረቤታቸው ከናዬሊ በር ላይ ዶኛ ኦቱሊያን አገኟቸው። ባልቴቷ ሙታን በየቤቱ ለሚታሰቡበት ለሙታን ቀን የሚያቆሙትን የባላቸውን ፎቶ ታቅፈው ነበር። ዶን አቡንዲዮ ገና ሲያዩት ደማቸው ፈላ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ያነሱት እኮ እሳቸው ናቸው! ይባስ ብሎ፣ ፎቶ በሚያጥቡበት ጨለማ ክፍላቸው ስንት ጊዜ ታግለው ያላወጡት የጥቁሩ ኮት እጥፋት አንድ በአንድ ይታያል።

ቅናት ክፉ በሽታ ነው፤ ሽማግሌ ላይ ሲወጣ ደግሞ ያስቃል። ዶን አቡንዲዮ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ናዬሊ ቤት ዘው ብለው ገቡ።

"አንቺ ልጅ፣ ደንበኛዬን ወሰድሽ፤ እሺ ይሁን። ሥራዬንም ትወስጂብኛለሽ?"

"ኧረ ዶን አቡንዲዮ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ። ፊልሙን ያመጡልኝ ዶኛ ኦቱሊያ ራሳቸው ናቸው። እርስዎ የፎቶ ወረቀት አልመጣም ብለው ሦስት ወር አስጠብቀዋቸዋል አሉ።"

"ካልመጣ እኔ ልውለደው? ደግሞ የማሽን ፎቶ አውቃለሁ! የሟች ሚስቴን ፎቶ በማሽን አሳትሜ ሰቀልኩ፤ በዓመቱ አረንጓዴ ሆነች። የገባ ሰው ሁሉ 'ሐሞት ነበረባት እንዴ?' ይለኛል።"

ናዬሊ ሳቋን አፈነች። ትልቅ ከተማ ተምራ ብትመጣም ሽማግሌ መናቅን አልተማረችም።

"እውነትዎን ነው። ያ ማሽን ግራጫውን የሚያወጣው ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅሎ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ሲለቅ መልኩ ይበላሻል። እኔ ግን ከማሽኔ የፋብሪካውን ቀለም አወጣሁት። ይዩ፣ በስድስቱም የቀለም ዕቃዎች ውስጥ ያለው ከጥላሸት የተሠራ ጥቁር ነው። አንዱ ድፍን ጥቁር፣ ሌሎቹን እያቀጠንኩ እስከ ስስ ግራጫ ድረስ።"

"እሱም ይለቃል!"

ናዬሊ ግማሹ በካርቶን የተሸፈነ ፎቶ ከመስኮቱ አወረደች። "ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበር። ካርቶኑን ራስዎ ያንሱት።"

አነሱት። ፀሐይ የነካውንና ያልነካውን የሚለይ መስመር ፈለጉ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ፈለጉ። የለም።

"ቀናሁ ልጄ" አሉ። "አርባ ዓመት ሠርቼ ማሽን በለጠኝ፤ ቀናሁ።"

"ማሽኑ ምን ያውቃል? ዶኛ ኦቱሊያ 'ባሌ እንዲህ ጥቁር አልነበረም' እያሉ ፎቶውን ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። ሰውዬውን መቼ አይቻቸው! እርስዎ ቢኖሩ በአንዴ ይነግሩኝ ነበር።"

ሽማግሌው ተነሥተው ወጡ። በማግስቱ ግን የፊልም ሣጥኖቻቸውን በጋሪ አስጭነው መጡ። እነሆ ዛሬ፣ በፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት የተሰነጣጠቁት እጆቻቸው ድነዋል፤ ከዋና ከተማ ወረቀት እስኪመጣ የሚጠብቅ ባልቴት የለም፤ በሣጥን ሊበሰብሱ የነበሩ የሙታን ፊቶች በየቤቱ ቆመዋል። ናዬሊ ታትማለች፤ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው "ይቺ ፊቷ ቀይ ነበር፣ አፍኪው" ይላሉ። መማር በዕድሜ እንደማይዘጋ ከእሳቸው የተሻለ ምስክር የለም።

ቅናቱ ግን ጨርሶ አልለቀቃቸውም። ዶኛ ኦቱሊያ የእህታቸውን ፎቶ ሊወስዱ መጥተው፣ "ናዬሊዬ፣ እጅሽ ይባረክ! ቁርጥ እሷን!" ሲሉ፣ ከውስጥ ክፍል የዶን አቡንዲዮ ድምፅ መጣ፦

"እጁ የእሷ ቢሆንም ዓይኑ የኔ ነው!"