መሬት የጠጣው እንገር

ከሙዋንግ ካም ወደ ፎንሳቫን ከተማ የሚሄደው የሕዝብ መኪና ዳገቱን እንደ ጀመረ የሞተሩ ቺንጋ ተበጠሰና ሁላችንም ወረድን። ሹፌሩ ሌላ ቺንጋ ፍለጋ በእግሩ ወደ ኋላ ሲመለስ ተሳፋሪው በመንገዱ ዳር ተበትኖ ተቀመጠ። ወሩ ጥር ነበር። በእኛ ደጋ የጥር ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ ኮቴን እስከ አንገቴ ቆልፌ ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ድንጋይ ላይ አረፍ አልኩ።

አሮጊቷ ሕፃን አዝለዋል። ልጁን ከማየቴ በፊት ትንፋሹን ሰማሁት፤ አየር ባስወጣ ቁጥር ደረቱ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይሰማል።

«ዕድሜው ስንት ነው፣ እማማ?» አልኳቸው።

«መጪው ዝናብ ሲገባ ሁለት ይሞላዋል። ኖይ ነው ስሙ። የመጨረሻዋ ልጄ የቪላይ ልጅ ነው። እሷ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ መንገዱን ስለማትችለው እኔ ወደ ሆስፒታል ይዤው ወጣሁ። እርስዎ የትምህርት ቤቱ መምህር አይደሉ?»

መሆኔን ነገርኳቸው። ስማቸው ቻንቲ ነው፤ መንደራቸው ከትምህርት ቤቴ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ይህን እየተጨዋወትን ሳለ አንዲት ወጣት ከተሳፋሪዎቹ መካከል ተነሥታ መጣችና ከሕፃኑ ፊት በርከክ አለች። ላትሳሚ ትባላለች፤ አዋላጅ ነርስ ሆና በወረዳችን ጤና ጣቢያ ከተመደበች ዓመት አልሞላትም። ፈቃድ ጠይቃ የልጁን ሸሚዝ ገለጥ አደረገች። በተነፈሰ ቁጥር ቆዳው በጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

«እማማ፣ ከጀርባዎ ያውርዱትና ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ይታቀፉት። መኪና ካለፈ እናስቆማለን፤ ሹፌሩን አንጠብቅም» አለች። «መቼ ነው የጀመረው?»

«ሦስት ወሩን ሳይደፍን። ብርድ ሲመጣ ይብስበታል። ጭስ አይወድ፣ አቧራ አይወድ፤ ምኑን እንደሚወድ እንጃ።»

«በምንድን ነው ያደገው?»

እማማ ቻንቲ በኩራት ቀና አሉ። «ከሦስተኛ ቀኑ ጀምሮ እኔ ባላመጥኩት ሩዝ ነዋ። አድቅቄ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ፣ በፍም ጠብሼ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። እናቱም እንዲሁ ነው ያደገችው።»

«እንገሩስ? የመጀመሪያው፣ ቢጫው ወተት?»

«እሱማ ታልቦ መሬት ላይ ይደፋል። ዘጠኝ ወር ጡት ውስጥ የተቀመጠ ወተት ነው። አንቺ ዘጠኝ ወር የተቀመጠ ወተት ትጠጫለሽ?»

በዙሪያው የነበሩት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ልቤ ከአሮጊቷ ጋር ነበር። እኔም ያደግሁት በዚሁ ሩዝ ነው። ለተማሪዎቼ ንጽሕናን ከመጽሐፍ አስተምራለሁ፤ ባለቤቴ በወለደች ጊዜ ግን በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ከአልጋዋ ሥር ፍም ተደርጎ ወር ሙሉ ስትታጠን አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

«ቢፈቅዱልኝ የተማርኩትን ልናገር» አለች ላትሳሚ። «ባይወዱትም አይቆጡኝ።»

«ተናገሪ እንጂ፤ መኪናው እንደሆነ ቆሟል።»

«ያ ቢጫው ወተት አልቆየም፣ እማማ። ልጁ ሊወለድ ሲል ለእሱ ብሎ የሚመጣ ነው። ሆዱንና ደረቱን ከበሽታ የሚጠብቅለት የመጀመሪያ ክትባቱ ይበሉት። አዲስ የተወለደ ልጅ ሆዱ ከአንድ የለውዝ ፍሬ አይበልጥም፤ ጥቂቷ ጠብታ ትበቃዋለች። ሩዙ ሲገባ ግን ሆዱ ይሞላና ጡቱን ይተዋል። ጡት ካልተጠባ ወተቱ ይደርቃል። ያልጠና ሆድም ባዕድ ምግብ ሲመጣበት ይታወካል።»

«ሆዱን ነገርሽኝ፤ የታመመው ደረቱ ነው።»

«ወደዚያው ልመጣ ነው። ጡት ብቻ የጠባ ልጅ ሳምባው ቶሎ አይጠቃም፤ የማፏጨቱም ነገር ያንስለታል። በዚያ ላይ ከተወለደ ጀምሮ በተዘጋ ቤት ወር ሙሉ ጭስ ሲስብ ይከርማል። እንዲህ ያለ ደረት ኋላ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። ብርድ ሲነካው ይቆጣል፣ አቧራ ሲነካው ይቆጣል። በከተማ አለርጂ የሚሉት ይህንን ነው። ጡት ብቻ የጠባ ልጅ ከቶ አይታመምም አልልዎትም፤ ብል ዋሸሁ። ያነሰ ይታመማል ነው የምለው።»

እማማ ቻንቲ ሕፃኑን ወደ ትከሻቸው አስጠጉና፣ «ስንት ወልደሻል?» አሏት።

«አንድ።»

«እኔ ሰባት። ታዲያ ማን ማንን ያስተምር?»

«ስንቶቹ በሕይወት አሉ፣ እማማ?»

ይህን የጠየቀችው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር። «ሦስት» አሉ አሮጊቷ። «አራቱን ቀብሬያለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። ላትሳሚ መናገሯን የምትተው መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ከአሮጊቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ያለችኝ አንዲት ልጅ አራት ዓመቷ ነው» አለች። «ሁለት ወር ሲሆናት ትምህርቴ እንዳይቋረጥ ብዬ ለእህቴ ሰጥቻት ሄድኩ። የቆርቆሮ ጣፋጭ ወተት በውኃ እየተበጠበጠላት አደገች። ወተቱን ከከተማ የምልከው እኔ ነበርኩ። ስለ እንገር የተማርኩትን ተፈትኜ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ፤ ወተቱን ግን ላክሁ። እሷም ብርድ ሲመጣ እንደ ኖይ ታፏጫለች። እርስዎ ሳያውቁ ነው። እኔ ግን እያወቅሁ ነው።»

አንድ የተማረ ሰው ጥፋቱን እንዲህ ሰው ፊት ሲናገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። ብዙዎቻችን ሕዝቡን የምንመክረው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆመን ነው፤ ምክራችን መንገድ ላይ የሚቀረውም ለዚሁ ይመስለኛል።

እማማ ቻንቲ ጎንበስ ብለው የልጁን ፉጨት አዳመጡ።

«ነገሩ እንደምትዪው ከሆነ» አሉ፣ «አራቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

«እንደዚያ አላልኩም፣ እማማ። በዚያን ዘመን ወባ ነበር፣ ረሃብ ነበር፣ ጦርነት ነበር። ማን በምን እንደ ሞተ ዛሬ ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

«አንቺ አላልሽም። ያልኩት እኔ ነኝ።»

ጨዋታውን ወደ ሌላ ለመመለስ ብዬ፣ «ከተረፉት ከሦስቱ ደረቱን ታሞ የማያውቅ አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሶምሊት። እሱ ሳል የሚባል አያውቅም።»

«እሱን እንዴት አሳደጉት?»

«እሱንማ አላሳደግሁትም፣ መምህር። ዝም ብሎ ተረፈ እንጂ። በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላኖቹ በየቀኑ ሲመላለሱ ዋሻ ውስጥ ነው የተወለደው። ጭስ ካዩ ይደበድቡናል ተብሎ እሳት ተከልክሎ ነበር። ሩዙም አልቆ ትልልቆቹ ሥር እየቆፈሩ ይበሉ ነበር። ምን ልስጠው? ጡቴን ሰጠሁት። እንገሩንም አላፈሰስኩትም፤ ሲያለቅስ አውሮፕላኖቹ የሚሰሙብን ስለመሰለን ከጡቴ አላነሣሁትም። ሩዝ የቀመሰው ሰባተኛ ወሩ ላይ ነው።» እዚህ ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። «ለእሱ ብቻ ምንም አላደረግሁለትም እያልኩ ስሳቀቅ ኖርኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ከምግቡ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለሶምሊት ነው። ልክሰው ብዬ።»

ላትሳሚ ልትናገር ትችል ነበር፤ ክርክሩን የሚዘጋ ማስረጃ አሮጊቷ ራሳቸው አምጥተውላታል። እሷ ግን የልጁን እግር በሁለት እጆቿ ይዛ ታሞቀው ጀመር። እማማ ቻንቲም የተናገሩት ነገር ለራሳቸው ገና እየገባቸው እንደ ነበር ከፊታቸው አየሁ።

ጥቂት ቆይቶ ግንድ የጫነ የጭነት መኪና መጣና አስቆምነው። አሮጊቷና ላትሳሚ ከሹፌሩ ጎን ገቡ፤ እኔ ከግንዱ ላይ ወጣሁ። ፎንሳቫን ስንደርስ እማማ ቻንቲ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ፣ «ቪላይ ስትወልድ ትመጫለሽ?» አሏት።

«እመጣለሁ።»

ኖይ ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆየ። ኦክስጅን ሰጡት፣ መድኃኒት ሰጡት። ሐኪሙ ሁለቱም ሳምባዎቹ በምች ተይዘዋል አለ። በሦስተኛው ቀን ጧት ለትምህርት ቤቱ የገዛኋቸውን ደብተሮች ጭኜ ልሰናበታቸው ስሄድ አሮጊቷን በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ልጁን በሻርፕ ጠቅልለው ታቅፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነፍሱ ጎሕ ሲቀድ ወጥታለች። አላለቀሱም። «መምህር፣ አብረን እንመለስ፤ ብቻዬን ለቪላይ መንገር አልችልም» አሉኝ። አብረን ተመለስን። ለቪላይ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚያ ቀን ሌላ መናገር አልፈልግም።

ከአርባ ቀን በኋላ ቪላይ ሴት ልጅ ወለደች። ላትሳሚ ቃሏን ጠብቃ መጣች። እኔም ዜናውን ሰምቼ ልጠይቅ ስሄድ እማማ ቻንቲ በራቸው ላይ ቆመው ከጎረቤታቸው ከእማማ ካምፓን ጋር ይነጋገራሉ። የጎረቤታቸው እጅ ላይ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አለ።

«እሳቱ የታለ?» ይላሉ እማማ ካምፓን።

«ውጭ፣ ጓሮ። አራሷን በብርድ ልብስና በሙቅ ውኃ አሙቀናታል።»

«ሕፃኗን ሩዙን እንኳ ላቅምሳት። ወተቱ ገና ቢጫ ነው።»

«ቢጫውን ነው የምፈልገው።»

«ቻንቲ፣ ልጅቷን በረሃብ ልትጨርሻት ነው?»

«አንቺ በፍቅር ያመጣሽው ነው፤ አውቃለሁ። ስጪኝ፣ እኔ እበላዋለሁ። እሷ ጋ ግን አይደርስም።»

ሩዙን ተቀብለው እዚያው በሩ ላይ ቆመው በሉት። ውስጥ ቪላይ ሕፃኗን አስጠግታ ታጠባለች፤ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ለአራሷ ጨውና ሩዝ ብቻ ይቀርብ የነበረው ቀርቶ ዓሣ፣ እንቁላልና ቅጠላ ቅጠል ቀርቦላታል። ከዚያም ላትሳሚ በየሳምንቱ እየመጣች ሕፃኗን ትመዝን ነበር።

ልጅቷ ስድስት ወር ሲሞላት በትምህርት ቤቴ የአካባቢውን ሴቶች ሰብስበን ላትሳሚ ንግግር እንድታደርግ ጠየቅናት። ጥቂት እንደ ተናገረች፣ «ቀሪውን እማማ ቻንቲ ቢነግሯችሁ ይሻላል» ብላ ተቀመጠች።

እማማ ቻንቲ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተነሡ። ያን ጊዜ የተናገሩትን በደብተሬ ጽፌዋለሁ።

«እኔ ንግግር አላውቅም» አሉ። «ይህች ልጅ ከጡት በቀር ምንም ሳይገባባት ስድስት ወሯን ደፈነች። ተቅማጥ አላየናትም። አንድ ጊዜ ጉንፋን ያዛት፤ በአራተኛው ቀን ለቀቃት። ወደ ከተማ አልሮጥንም፣ መድኃኒት አልገዛንም። እናቷም ወተቷ አልደረቀም፣ ጉልበቷም ቶሎ ተመልሷል። ከነገ ጀምሮ ሩዝ ትቀምሳለች፣ ጊዜዋ ስለ ደረሰ፤ ከንጹሕ ዕቃ፣ በማንኪያ፣ ከጡቱ ጋር። እንገር አትድፉ። እሳቱን ከአራስ ቤት አውጡ። ልጅ ባለበት ትንባሆ የሚያጨስ ወንድ ካለም ውጣ በሉት፤ ባል ቢሆንም።»

ሴቶቹ ፈገግ አሉ። እሳቸው አልሳቁም።

«አምስት ልጆች አሉኝ፣ መሬት ውስጥ። አራቱ የራሴ፣ አምስተኛው ኖይ። አራቱ በምን እንደሞቱ ይህች ነርስ አላውቅም ትለኛለች፤ እኔን እንዳትጎዳኝ ብላ ነው። በየቀኑ አስባቸዋለሁ። ማንም ግን አልነገረኝም ነበር። ለእናንተ ተነግሯችኋል።»

ይህን ብለው ተቀመጡ። ከኋላ በኩል ተቀምጠው የነበሩት እማማ ካምፓን ተነሡ፤ ምራታቸው ከወለደች አምስተኛ ቀኗ ነበር፤ ከአልጋዋ ሥር ፍሙ እንደ ነደደ ነው። ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ፤ በትምህርት ቤቱ መስኮት አሻግሬ ሳይ ሜዳውን በጥድፊያ እያቋረጡ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።