የልጄ ባላጋራ

ልጄ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠበቃ ናት። በሙስና ለተከሰሰ ሹም ስትከራከር "የሌባ እናት" አሉኝ፤ እሱን እንኳ ቻልኩት። ባለፈው እሑድ ግን ከቅዳሴ ስመለስ ሽማግሌዎች ደጄ ላይ ቆመዋል። ልጄ በድንበር ክስ የምትሞግተው ገበሬም ድንጋይ ተሸክሞ አጎንብሷል። "እማማ፣ ልጅዎ ይቅር ትበለኝ!" ይላል። "ኧረ አንተ ሰው፣ የከሰሰህ ጎረቤትህ ነው! ድንጋዩን ለእሱ ተሸከም እንጂ!" ስለው፣ "እሱማ እንደ እሷ አልተቆጣኝም" አለኝ። ሽማግሌዎቹም "እርቅ ሳይወርድ አንቀመጥም" ብለው ድርቅ አሉ። ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ቆሞ ምን ልበል? "በቃ፣ ይቅር ብላሃለች፤ አውርደው" አልኩት። "ነገ ግን ከችሎት እንዳትቀር" ስለው፣ "ከታረቅን ወዲያ ደግሞ ምን ችሎት አለ?" ብሎ ሳቀብኝ። ከቀረ በሌለበት ተፈርዶበት መሬቱ መሄዱ ነው። የድንግል ያለህ!

ምን ላድርግ፣ ሰኞ በጧት ባጃጅ ተሳፍሬ ካደረበት ዘመዱ ቤት ሄድኩና ቀስቅሼ፣ እየጎተትኩ ፍርድ ቤት አደረስኩት። ልጄ አብረን ስንገባ አይታ "እማዬ፣ አንቺ ደግሞ የማን ወገን ነሽ?" አለችኝ። አፌን ሳልከፍት እሱ ቀደመኝ፤ "የኔ ጠበቃ ናቸው" አላት።