በአጎቴ በሬ ላይ ያፈሰስሁት

እኛ ሥራ ላይ በነበርንበት ጊዜ ሐኪም ብሎ የሚጠራን አልነበረም፤ "ያ መርፌ ወጊ መጣ" ነው የሚሉን። እናንተ ሦስታችሁ ዲግሪ ይዛችሁ፣ ነጭ ጋዎን ለብሳችሁ፣ በሞተር ትዞራላችሁ። ይሁን። የከብት ሕክምና ያኔ እንዴት ነበር ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ማውራት አልወድም። አንዷን ልንገራችሁና ተዉኝ።

የተመደብሁት በገዛ አገሬ ነው፣ ከሉማሜ ወጣ ብሎ። አባቴ በልጅነቴ ሞቶ ያሳደገኝ የእናቴ ወንድም ነው፣ አያ ደምሌ ይባላል። ትምህርት ቤት ያስገባኝ እሱ፣ ጫማ የገዛልኝ እሱ። ርቦኝ አድሬ አውቃለሁ፤ እሱ ቤት ከገባሁ ወዲህ ግን አልራበኝም። ይኼን ያዙልኝ።

ታዲያ ዓቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የአያ ደምሌ በሬ አውድማ ላይ ጤፍ ሲያበራይ ወደቀ። ጠዋት ደኅና ነበር፣ ቀትር ላይ ወደቀ። እንግዲህ የእኛን አገር ሰው ታውቁታላችሁ፤ ከብት ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፣ አይነካም፤ ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ ከደረሰለት ግን ሥጋ ነው። እና ሮጡ። "ቶሎ በል፣ ሳይበክት፣ ሳይበክት" እያሉ ሮጡ። ውበቱ የሚባል ጎረቤት ነበር፣ ቢላ የሚያውቅ፤ በስመ አብ ብሎ አረደው፣ ገፈፈው፣ እና ሥጋው ቅጠል ላይ አሥራ ሁለት መደብ ሆኖ ለቅርጫ ተደለደለ። ሰው ሁሉ ቅበላ ደረሰልን ብሎ ደስ ብሎታል።

እኔ ስደርስ ዕጣ ሊጣል ነው። ደሙን አየሁት፣ ጥቁር ነው፣ አልረጋም። ጣፊያውን አየሁት፣ አብጦ እጥፍ ሆኗል። ታዲያ ምን ይባላል? አባ ሰንጋ ነው።

"አያ ደምሌ፣ ይኼ ሥጋ አይበላም። ይቀበር" አልሁት።

"ምን?"

"አባ ሰንጋ ነው። ሰው ይገድላል።"

"አምና የገዛሁት አይደለም፣ እኔው ቤት የተወለደ በሬ ነው። እሱ ነው ሰው የሚገድል?"

ውበቱ ሳቀ። "የመንግሥት ልጅ፣ ሽንጡ አምሮህ እንደሆነ ተናገር፤ እናወጣልሃለን" አለ። ሰው ሁሉ አብሮት ሳቀ። አንዲት አሮጊት ደግሞ አዝነውልኝ፣ ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ በስመ አብ ከተባለበት በኋላ ምን በሽታ ይቀራል?" አሉኝ።

እና ለመንሁ። አንድ ጊዜ ለመንሁ፣ ሁለት ጊዜ ለመንሁ። ዕጣው መጣል ጀመረ። በቅሎዬ ላይ የበረት ማጠቢያ ክሪዮሊን ነበረኝ፣ ጥቁር፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰብር። መጀመሪያ ከደሙ ጥቂት በቁራጭ መስታወት ላይ ቀብቼ ለምርመራ ያዝሁ፤ ከዚያ ክሪዮሊኑን አወረድሁና በአሥራ ሁለቱም መደብ ላይ አፈሰስሁት።

አያ ደምሌ ዱላውን አነሣ። አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። "ከዛሬ ወዲያ ደጄን አትርገጥ" አለኝ። ጮኾ አልነበረም ያለው።

ጉድጓዱን ብቻዬን ቆፍሬ ቀበርሁት። ብቻዬን፣ ስሙኝ፣ ዶማ ያቀበለኝ ሰው የለም።

ታዲያ በአራተኛው ቀን የውበቱ ክንድ አበጠ። ሲገፍ ቢላው ጫር አድርጎት ነበር፣ እዚያው ላይ ቁስል ወጣ፣ መሐሉ ከሰል መሰለ። እኔ በልቤ፣ አሁን ይገባቸዋል አልሁ። የገባቸው ምን መሰላችሁ? "ያ ያፈሰሰው መርዝ ነው ሰውዬውን የበላው" አሉ። አያ ደምሌም አለ። ተሰብስበው ማርቆስ ከተማ፣ መሥሪያ ቤቴ ድረስ ሄደው ከሰሱኝ።

ኃላፊዬ ጠራኝ። ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ በአፍንጫው ነው የሚናገር፤ "የሕዝብ ንብረት አበላሸህ፣ በመድኃኒት ሰው አቆሰልህ" አለኝ።

"ክሪዮሊኑን ያፈሰስሁት በባዶ እጄ ነው። ይኸው እጄ፣ ቁስል አለው?"

"እጅህን ከመዝገብ ጋር ማያያዝ አንችልም።"

"ደሙን በመስታወት ቀብቼ ለእርስዎ አስረክቤ ነበር። መልሱስ?"

"መኪና የለም። አልተላከም።"

"እንግዲያስ ይላክ።"

"ነገሩ አልቋል" አለኝ። እና አለቀ። ወደ ዓባይ በረሃ፣ ከደጀን በታች አዛወሩኝ። እዚያ ወባ ስድስት ጊዜ ጣለኝ። ስለ እሱ አላወራም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አያ ደምሌ ሞተ፣ ለቀብር መጣሁ። ደጁን የረገጥሁት ያኔ ነው፣ ሬሳው ሲወጣ። ታዲያ ከቀብር ስንመለስ ውበቱ አጠገቤ መጣ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየኝ።

"ያኔ ማርቆስ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር" አለኝ። "ዶክተሩ ገና ሲያየኝ፣ የታመመ ከብት ገፈሃል፣ አባ ሰንጋ ነው አለኝ። መርፌ ወግቶ አዳነኝ።"

"ለማን ነገርህ?"

"ለማንም።"

"ለአያ ደምሌስ?"

"እንዴት ብዬ? ደምሌ የታመመ በሬ አርዶ ጎረቤቱን ሊጨርስ ነበር መባል ሊመጣበት ነው። ስሙን ላድን ብዬ ነው። አንተ እንደሁ ደመወዝተኛ ነህ፣ የትም ትኖራለህ ብዬ።"

ሰምታችኋል? ስሙን ላድን ብዬ አለኝ። አጎቴ እኔን እንደ መርዘኛ እያየ ሞተ፣ ይኼ ሰው በየሳምንቱ አብሮት ጠላ ይጠጣ ነበር። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እግሬ ላይ ወደቀ፣ ሽማግሌም ላከ። አላነሣሁትም። አሁንም አላነሣውም። በበሽታው ማንም አልሞተም፤ በዝምታው ግን እኔ አባት አጣሁ። ሳቁ እንጂ፣ ምን ታቀረቅራላችሁ? ሙሉጌታ፣ አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?

— ጋሼ፣ ባለፈው ሰኞ ወደ ደምበጫ መንገድ አንዲት ላም ወድቃ አረዷት። ደረስሁ። ሪፖርቱ ላይ "ምክንያቱ ያልታወቀ" ብዬ ጻፍሁ።

— አንተስ ታውቀዋለህ?

— አውቀዋለሁ።

— ሥጋውስ?

— ግማሹን ቋንጣ አድርገው ሰቅለውታል።

— ታዲያ እዚህ ተቀምጠህ የእኔን ትሰማለህ? ተነሥ። ሞተርህን አስነሣ።