ሂማላያ ላይ ሸክሙን የቀማነው ሰው

በእኛ ጊዜ ተራራ የሚወጣ ሰው ምክንያት ነበረው። ወይ ማዶ ዘመድ ታሞበታል፣ ወይ ላይ ታቦት አለ፣ ወይ ከብት ጠፍቶበታል፣ ወይ ደግሞ፣ ምን ልደብቃችሁ፣ የሚያሳድደው አለ። እንዲያው ዝም ብሎ፣ ምንም ሳይጎድልበት፣ ገንዘብ ከፍሎ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ተራራ ልውጣ የሚል ሰው በእኛ ጊዜ ቢገኝ ጠበል ነበር የሚወስዱት። እውነቴን ነው! ምን ያስቃችኋል? ብሩክ፣ አንተ ሱቅህን ጠብቅ፣ ደንበኛ ቆሞብሃል።

ታዲያ እኔ ታደለ፣ በሰባ ስድስት ዓመቴ ሂማላያ ሄድኩላችሁ። ልጄ ሳባ፣ ታውቋታላችሁ፣ ፓሳዴና ነርስ የሆነችው፣ አንድ ቀን መጣችና "አባዬ፣ ከዮናስ ጋር ኔፓል ልንሄድ ነው" አለችኝ። ዮናስ ባሏ ነው።

"እዚያ ማን አላችሁ?" አልኳት።

"ማንም የለንም።"

"ታዲያ ምን አለ?"

"ተራራ አለ።"

"ተራራው ላይስ ምን አለ?"

"ቪው አለ፣ አባዬ!"

ቪው! "ቪው ከሆነ እዚያው ፓሳዴና ከቤትሽ ጀርባ ተራራ ተገትሮልሽ የለ?" ብላት "እሱንማ አይተነዋል" አለችኝ። እና አንተም አብረኸን ትሄዳለህ አለችኝ። ሐኪም አየኝ፣ ልቤን አዳመጠ፣ ደሜን ለካ፣ ዝቅ ያለውን መንገድ ከሆነ ቀስ እያሉ ይሂዱ አለ። ትልቁን ተራራ ልንወጣ አይደለም፣ ትልቁን ከሩቅ የሚያሳየውን ትንሹን ነው።

እኔን ለምን እንደወሰዱኝ ታውቃላችሁ? ነገሩ ወዲህ ነው። ብቻዬን ዌስት አዳምስ ቤቴ ጥለውኝ መሄድ ስላልደፈሩ ነው፣ በመኪናው ምክንያት። የመኪናውን ነገር ሰምታችኋል አይደል? በዚህ በፌርፋክስ ሰፈር ያልሰማ የለም። እዚሁ፣ ከዚህ ሱቅ ጀርባ ፓርክ ሳደርግ ምሰሶ ነካሁ። ነካሁ ነው የምላችሁ፣ ገጨሁ አላልኩም። ባምፐሩ ትንሽ ጎበጥ አለ። ያ ምሰሶ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት እዚያ የነበረ አይመስለኝም። ታዲያ ሳባ መጣች፣ ባምፐሩን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን ዘረጋች። "አባዬ፣ ቁልፉን ለጊዜው እኔ ልያዘው" አለች። ለጊዜው! ሠላሳ ዓመት በዚህ ከተማ ታክሲ ነድቼ፣ በዚያው ታክሲ እሷን ኮሌጅ አስተምሬ፣ ለጊዜው! ሰጠኋት። ምን ላድርግ? እንባዋ ዓይኗ ላይ ነው፣ ፈርታልኝ ነው፣ በክፋት አይደለም።

እና አንድ ማለዳ አላስችል አለኝ። ትርፍ ቁልፍ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ነበረኝ። ወጣሁ፣ አስነሳሁ፣ ቀስ ብዬ በክሬንሾው መንገድ አድርጌ ወደዚህ መጣሁ፣ ዳቦ ገዛሁ፣ ተመለስኩ። ይኸው ነው ወንጀሌ። ለካ ሳባ ያን ማለዳ ልትጠይቀኝ መጥታ መኪናው የለም! "መኪናው ተሰረቀ! አባዬም የለም!" ብላ ሰፈሩን ቀውጢ አድርጋዋለች። እኔ ዳቦዬን ታቅፌ ብቅ አልኩ። ትርፉም ቁልፍ በዚያው ሄደ።

ሶ፣ ከዚያ ወዲህ እኔ የኋላ ወንበር ዕቃ ሆንኩ። ሰው ያመጣኛል፣ ሰው ይመልሰኛል። ሠላሳ ዓመት ከፊት የተቀመጥኩት ሰውዬ የሾፌር ማጅራት ሳይ እውላለሁ። "ሲትቤልት አድርገዋል ጋሼ?" ይለኛል፣ ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣው ሁሉ። በጣም ነበር የከፋኝ። ኔፓልም ሂድ፣ የትም ሂድ በሉኝ፣ እኔ የምፈልገው ያቺን ቁልፍ ብቻ ነበር።

ሄድን። አራት ነን፤ እኔ፣ ሳባ፣ ዮናስ፣ እና ጎረቤቴ አሰለፈች፣ እናንተ እትዬ አሰለፈች የምትሏት። ጴንጤዋ፣ አዎ። "ጌታ የሠራውን ትልቁን ተራራ ሳላይ አልሞትም" ብላ ነው የመጣችው፣ ጉልበቷ ከዮናስ ይሻላል። እዚያ ስንደርስ ፔምባ የሚባል እንግሊዝኛ የሚችል መንገድ መሪ ጠበቀን፤ ከእሱ ጋር ሁለት ተሸካሚዎች። አንደኛው ጎረምሳ ነው፣ የሳባንና የዮናስን ሻንጣ አንስቶ እያፏጨ ሄደ። ሁለተኛው ዳዋ ይባላል። አሁን እሱ እያልኩ የማወራላችሁ በኋላ የተረዳሁት ነገር ስላለ ነው፣ ያኔ እርሳቸው ነበር የምለው። ፀጉሩ ነጭ፣ ፊቱ በፀሐይ የተጨማደደ፣ እግሩ ቀጭን ሽማግሌ። የእኔንና የአሰለፈችን ሻንጣ ባንድ ላይ አሰረ፣ በርከክ አለ፣ ሰፊ ማንገቻ አለችው፣ እሷን ግንባሩ ላይ አደረገና "እህ!" ብሎ ተነሳ። በግንባሩ ነው የሚሸከመው! አንገቱ እንዴት ቻለው? ትከሻ እያለ ለምን በግንባር? እኔ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አሰለፈች ቀደመችኝ።

"ውይ በኢየሱስ ስም! እኚህን አባት አሸክመን እኛ እጃችንን እያወዛወዝን ልንሄድ ነው? እኔ አላደርገውም!"

እናንተስ ብትሆኑ? አባት የሚያህል ሰው ከፊታችሁ ዕቃ ተሸክሞ ሲሄድ ዝም ብላችሁ ትከተላላችሁ? አሳዳጊ የበደለው ነው እንደሱ የሚያደርግ። ታዲያ ዮናስ ሮጦ ደረሰበትና "ኖ፣ ኖ፣ ፋዘር፣ አይ ቴክ፣ አይ ቴክ!" እያለ ሻንጣውን ይጎትታል። ዳዋ አይለቅም። ዮናስ ይጎትታል፣ ዳዋ አይለቅም። ሳባ በዚያ ወገን መጣች፣ አሰለፈች በዚህ፣ እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝ ገመዱን ፈታሁ። አራት ለአንድ ሆንበት። የእኔን ሻንጣ ዮናስ ወሰደ፣ የአሰለፈችን ሴቶቹ ተጋገዙ፣ ለዳዋ ጃንጥላ ብቻ ቀረችለት። ለጎረምሳውማ ማንም አላዘነለትም።

ደስ ብሎን ጉዞ ጀመርን። ምን ዓይነት ጨዋ ሰዎች ነን ብለን። ዮናስ ጂም ይሄዳል ይባላል፤ ዳገቷን ሳያጋምስ ትንፋሹ እንደ አሮጌ መኪና ይንጣጣ ጀመር፣ ፊቱ ጠቆረ፣ "አይም ኦኬ፣ አይም ኦኬ" ይላል፣ ማን ጠየቀው? እኔ ደግሞ ከዳዋ ጎን ጎን እየሄድኩ ጥያቄዬን አወርድበታለሁ፣ ፔምባ ያስተረጉማል። ያ እርከኑ ላይ ያለው ገብስ ነው? ድንቹንስ መቼ ትተክላላችሁ? ያ ጠጉራም ከብት ይታለባል? ምንም ብጠይቀው ባንድ ቃል ይመልሳል፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ያያል። ጃንጥላዋን እንኳን አልዘረጋትም፣ በብብቱ ሸጎጣት።

ሌሎች ተሸካሚዎች ከላይ ሲወርዱ አገኙን። ዳዋን አዩ፣ ዮናስን አዩ፣ አንድ ነገር ተባባሉና በሳቅ ፈረሱ። ዳዋ አንገቱን ደፋ።

"ምን አሉት?" አልኩት ፔምባን።

"ምንም።"

"ምንም ተብሎ ሰው እንደዚህ አይስቅም፣ ንገረኝ!"

"ዳዋ፣ ዛሬ ቱሪስት ሆንክ ወይ ነው ያሉት" አለኝ፣ እሱም አፍሮ።

ማታ ማረፊያው ቤት ደረስን፣ ምስርና ሩዝ ቀረበ፣ ዳዋ አብሮን አልተቀመጠም። "ደክሟቸው ነው፣ አባቴን" አለች አሰለፈች። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥ አለኝ። ምን ያደክመዋል? ጃንጥላ ነው እኮ ይዞ የዋለ! አመመው? አስቀየምነው? ምን ሆነ ይኼ ሰውዬ? ስል ስል እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት በጩኸት ነቃሁ። ሻንጣዎቹ የሉም! በረንዳው ላይ ነበር ያሳደርናቸው፣ የእኔም የአሰለፈችም የለም። ዳዋም የለም። የደም ግፊት ክኒኔ እዚያ ውስጥ፣ የአሰለፈች መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ውስጥ። ዮናስ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዟል፣ "ተዘረፍን! ፖሊስ የት ነው የሚገኘው?" ይላል። ፔምባ "ዳዋ እንደዚህ አያደርግም፣ አያደርግም" እያለ ይምላል። አሰለፈች ትጸልያለች። ሳባ "የአባዬ መድኃኒት! የአባዬ መድኃኒት!" ትላለች።

እና እኔ ሳቄ መጣ። እመኑኝ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።

"አባዬ፣ ምን ያስቅሃል?" አለች ሳባ፣ ተቆጥታ።

"አልተሰረቀም" አልኳት። "የት እንዳለ አውቃለሁ። ሽቅብ ነው የሄደው። ሥራውን እየሠራ ነው። እናንተ ሳትነቁ ነው የወጣው፣ እኔ በትርፍ ቁልፌ ዳቦ ልገዛ እንደወጣሁት።"

ሳባ ወደ እኔ ዞረች። አየችኝ። ቀላች።

ሽቅብ ሄድን። መንገደኛ ሸክሙን የሚያሳርፍበት የድንጋይ ካብ አለ፣ እዚያ ስንደርስ ሻንጣዎቻችን ካቡ ላይ ተደርድረዋል፣ ዳዋ አጠገባቸው ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፣ ማንገቻው ግንባሩ ላይ ናት፣ ጭነት ይዘው ሽቅብ ከተመለሱት ከትናንትናዎቹ ተሸካሚዎች ጋር እየተሳሳቀ። ሰውየው ሌላ ሰው ሆኗል! እኛን ሲያይ ግን ዘሎ ተነሳና ሻንጣዎቹን በገላው ከለላቸው። ደግሞ ሊቀሙኝ መጡ ብሎ!

"ለምን ሳትነግረን ሄድክ?" አለው ፔምባ።

"ብነግራቸው ይሰጡኛል?" አለ። "ትናንት ምን አጠፋሁ? ሻንጣ ጣልኩ? ሰበርኩ? ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን መንገድ ስሄድ፣ እንደ ትናንት ረዝሞብኝ አያውቅም።"

አሰለፈች እንባዋ መጣ። "ንገራቸው፣ ለክብራቸው ብለን ነው በላቸው፣ አባታችን ስለሆኑ ነው በላቸው!" ፔምባ ነገረው። ዳዋ ግራ ገብቶት አንድ በአንድ አየን፣ ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ አመለከተ። "ይኼ ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሰባ ስድስት" አልኩ።

"እኔ ስልሳ ሦስት ነኝ" አለ።

ስልሳ ሦስት! አያችሁ የፀሐይን ሥራ? ታናሼን ነው ትናንት ቀኑን ሙሉ አባቴ፣ እርስዎ፣ ስል የዋልኩት! ዳዋ ደግሞ አሁን ተራው መጣለትና ለእኔ አዘነ። "እኚህ ሽማግሌ በጀርባቸው ቦርሳ አዝለው ሲሄዱ ልጆቻቸው እንዴት ዝም ይላሉ?" አለና እጁን ወደ ቦርሳዬ ሰደደ። የውኃ ኮዳዬ ብቻ ያለባትን ሚጢጢዬ ቦርሳ!

"እንዳትነካት!" ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ ነው የጮህኩት፣ ግን ገባው። አየኝ፣ አየሁት፣ ሁለታችንም መሳቅ ጀመርን፣ ካቡ ላይ ተያይዘን ተቀመጥን። ከዚያ በኋላ ማንም የማንንም አልነካ። እሱ ሻንጣውን፣ እኔ ቦርሳዬን፣ ዮናስ ትንፋሹን ይዞ ወጣን። ለምን በግንባር እንደሚሸከምም ያኔ ነገረኝ፤ ትከሻው ነፃ ሲሆን ዳገት ላይ እንደልቡ ይተነፍሳል፣ አለኝ። ማንገቻዋን ሞከርኳት፣ ባዶዋን። ለእኔ አትሆንም።

ላይ ምን እንዳለ ልንገራችሁ? ነፋስ አለ። የጸሎት ጨርቅ የተንጠለጠለበት ገመድ አለ። ደመናው ሲገለጥ ደግሞ ማዶ ያ በረዶ የለበሰ ተራራ ብቅ አለ፣ ሰማይ መስሎኝ ያየሁት ግማሹ ለካ ተራራ ኖሯል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቪው ማለት ይኼ ከሆነ፣ ቪው አለ።

ሳባ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። "አባዬ፣ ቁልፉን የወሰድኩብህ ቀን እንደ ዳዋ ነበር የሆንከው?" አለችኝ።

"ለዳዋስ ጃንጥላ ሰጥታችሁታል" አልኳት።

ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። በክፋት የወሰደብህን ሰው ትጣላዋለህ፣ በፍቅር የወሰደብህን ምን ትለዋለህ? እኔስ የዳዋን ገመድ የፈታሁት በፍቅር አልነበረም? ይኼን ሁለታችንም እዚያ ነው ያየነው።

— ቁልፉስ ታዲያ ጋሼ?

እሱን ልነግርህ ነው ብሩክ፣ አትቸኩል! ከመጣን በኋላ አንድ እሑድ ቁልፉን ይዛ መጣች። "እንካ" ብላ አልሰጠችኝም፣ ነርስ አይደለች? "አባዬ፣ ንዳና አጠገብህ ሆኜ ልይህ" አለችኝ። ጠየቀችኝ፣ አያችሁ። ነዳሁ። ክሬንሾውን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ እዚህ መጣሁ፣ ያ ምሰሶ አጠገብ ፓርክ አደረግኩ፣ ሳልነካው። "ኦኬ" አለች። "ማታ መንዳት የለም፣ ፍሪወይ የለም፣ ዓይንህን በየጊዜው ትታያለህ፣ እኔ በቃ ያልኩህ ቀን ደግሞ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።" ተስማማሁ። የምሰሶውንም ነገር ያኔ አመንኩላት፣ ዓይኔ ነበር፣ አሁን አዲስ መነጽር አድርጌያለሁ። ይኸው ቁልፉ፣ ከኪሴ። ይኸው ሲንኳኳ ስሙት።

በሉ እንግዲህ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ቃሌን ልጠብቅ። ያ የጤፍ ከረጢት የእኔ ነው አይደል?

— ጋሼ፣ ወደ መኪናው ላድርስልዎት? ቅር ካላለዎት ነው።

ይኸው! ይኼ ልጅ ሲሰማ ነው የዋለው፣ ጠየቀኝ እኮ! ና ብሩክ፣ አንደኛውን ጫፍ አንተ ያዝ፣ አንደኛውን እኔ። አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!

— ውይ፣ ከባድ ነው እኮ ጋሼ!

ከበደህ? ጃንጥላ ልስጥህ?