ተመስገን ያሉት አዛውንቶች

(ሜልበርን፤ ውብርስትና ሐመልማል የሚጋሩት ጠባብ የዩኒቨርሲቲ ቢሮ። ስለ ኢትዮጵያውያን አረጋውያን የአውስትራሊያ ኑሮ የተጻፈውን ሪፖርት ካንቤራ ሄዳ ለፓርላማ ኮሚቴ የምታቀርበው ሐመልማል መሆኗን ጥናቱን የምትመራው ፕሮፌሰር ዛሬ ጠዋት ከተናገረች ወዲህ ውብርስት ሆዷ እያረረ ነው።)

ውብርስት፦ እምቢ በያቸዋ! አፍ የለሽም?

ሐመልማል፦ ለምን ብዬ? ፕሮፌሰሯ ናት የመረጠችኝ፤ እኔ ለምኜ አይደለም።

ውብርስት፦ እዚህ ቢሮ እጅሽን ይዤ ያስገባሁሽ እኔ! አሁን አንቺ አዲስ ኮት ለብሰሽ ስትሄጂ፣ እኔ እዚህ ወረቀት ሳገላብጥ ልቅር?

ሐመልማል፦ ኮቱን ደግሞ ማን ነገረሽ?

ውብርስት፦ አየሁታ፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ። ያምራል። እሱም አናደደኝ።

ሐመልማል፦ ውቤ፣ ቀናሽብኝ እንዴ?

ውብርስት፦ አዎ ቀናሁ! አንገበገበኝ፤ ምን ታመጫለሽ? ለነገሩ ሂጂ፤ እዚያው ትዋረጃለሽ።

ሐመልማል፦ ምነው?

ውብርስት፦ “ኑሮ እንዴት ነው?” ስትያቸው አዛውንቶቹ ምን አሉሽ?

ሐመልማል፦ “ተመስገን።” ሁሉም ማለት ይቻላል።

ውብርስት፦ አንቺስ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ሐመልማል፦ “በኑሯቸው ረክተዋል።”

ውብርስት፦ ወይ ጉድ! እዚህ ስላደግሽ አልፈርድብሽም። ያገሬ ሽማግሌ እንግዳ ገና ሳይቀመጥ ብሶቱን ይዘረግፋል? አልጋ ላይ ቢውልም ተመስገን ነው የሚልሽ። ቁጭ ብለሽ፣ ያቀረቡልሽን ቀምሰሽ፣ ልትወጪ ስትነሺ ነው እውነቱ የሚመጣው። አንቺ በተመስገን ዘግተሽ ወጣሽ።

ሐመልማል፦ ለካ ለዚህ ነው ካነጋገርኳቸው አንዷ እማማ ደስታ በር ድረስ ሸኝተውኝ እጄን አልለቅ ያሉት! እኔ ደግሞ ባቡር እንዳያመልጠኝ ስሮጥ።

ውብርስት፦ አየሽ!

ሐመልማል፦ ኮሚቴው “ረክተዋል” የሚለውን ካነበበ እኮ፣ ምንም አልጎደላቸውም ብሎ ቤት ለቤት የሚላኩላቸውን ረዳቶች ያቋርጥባቸዋል። ማን ያጥባቸዋል? መድኃኒታቸውን ማን ያቀብላቸዋል?

ውብርስት፦ እሱን ነው የምልሽ። ስለዚህ እኔ ልሂድ፤ አስተካክዬ አቀርበዋለሁ።

ሐመልማል፦ ቆይ። ይህን ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?

ውብርስት፦ ረቂቁን ካነበብኩበት ዕለት ጀምሮ።

ሐመልማል፦ ረቂቁን የሰጠሁሽ እኮ ከገና በፊት ነው! “ግሩም ነው፣ ምንም የሚነካ ነገር የለውም” ብለሽ አቅፈሽ ሳምሽኝ!

ውብርስት፦ እንድትወድቂ ፈልጌ ነበር። ፕሮፌሰሯ ስታሞግስሽ መስማት አንገፈገፈኝ።

ሐመልማል፦ እኔስ ልውደቅ። እማማ ደስታ ምን አደረጉሽ?

ውብርስት፦ እሳቸውን አላሰብኳቸውም። እግዜር ያውቃል፣ አንቺን ብቻ ነበር የማየው።

ሐመልማል፦ በይ እንግዲህ፣ ካንቤራ ያንቺ ነው። ሂጂ።

ውብርስት፦ ከልብሽ ነው?

ሐመልማል፦ ከልቤ። ግን መጀመሪያ ነገ አብረን እማማ ደስታ ቤት እንሄዳለን፤ ለምን ዝም እንዳልሽ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ትነግሪያቸዋለሽ።